እንጀራ እናት

አባቴ ሎርን ነው፤ እንጀራው ስንዴ ነው፤
የአባቱም ስንዴ ነው፣ የአያቱም ስንዴ ነው።
ከደጃችን ጀምሮ ዓይን እስኪደክመው
የሳስካችዋን ሜዳ ሁሉም ስንዴ ነው።

እና ሶልቬግ መጣች፤
ሁለት ሻንጣ ይዛ ሰባት ልጅ ወረሰች።
እንጀራ እናት ሆና በመጣች ባመቱ
እንጀራ ነጠቀች፤ ይኸው ነው እውነቱ።

ጥር ነበር፤ ብርዱ ከዜሮ ሠላሳ ዝቅ ያለ።
የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ሆዱ እንዳለ
ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ፓስታው፣ ሩዙ፣ ብስኩቱ፣
ባለቀለም የቁርስ እህል ከነአሻንጉሊቱ።
ዱቄቱ ለክሊፍ ዶሮዎች ተላከ፤
የወተት ጋሎኑ በር ላይ ተንበረከከ።

«የዋሻ ሰው» አለች «ይህን አልቀመሰም፤
ሥር ምሶ፣ አድኖ በላ፤ አላለቀሰም።»
ጁኒ፣ የአራት ዓመቷ፣ በእጅጌዋ ጠርጋ
«አንቺ የት አየሽው?» አለች፣ ድምጿ ሳይረጋ።

ዘጠኝ አፍ ለመሙላት ሲወጣ ሒሳቡ
ሠላሳ እንቁላል ነው የአንድ ቁርስ ቀለቡ።
አጎት ዌንዴል በኅዳር የጣለው አጋዘን
በየማታው መጣ፤ በላነው እያዘንን።

ብሮዲ በትምህርት ቤት ገበያ ከፈተ፤
በአንድ ቋንጣ ሁለት ሳንድዊች ሸመተ።
ታሪን ሥጋ አትነካም፤ ምላለች በፈጣሪ፤
ፖም እየገመጠች ሆነች ተከራካሪ።
መንትዮቹ ግድግዳው ላይ በከሰል ጎሽ ሣሉ፤
«ዋሻ ነው አላችሁ፤ ይኸው ዋሻ!» አሉ።
ሬሚ ቦት ጫማው ውስጥ የዳቦ ቅርፊት ደበቀ፤
አይጥ ቀደመችው፤ ምስጢሩ ታወቀ።

እኔ ዴልያ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤
ሌላ ነገር ጠላሁ፣ ከዳቦው ባሻገር።
የእናቴ የዳቦ ቅርጽ፣ ያ ጥቁር ቆርቆሮ
ከሚስማር ወርዶ አያውቅም ከሞተች ጀምሮ።
ሶልቬግ አወረደችው።
ካሮትና ሽንኩርት ደርድራ ጠበሰችበት።
አላናገርኳትም ለሦስት ሳምንት።

አባቴስ? ዝም አለ። ዝም ማለት ያውቃል።
ሥጋውን ይቆርጣል፣ ጎመኑን ይውጣል፣
ከዚያ በመስኮቱ ጎተራውን ያያል።
«ምነው ሎርን» አለው ክሊፍ፣ «መረረህ እንዴ
የገዛ እጅህ ስንዴ?»
«ትራክተሩስ» አለው «ያርሳል፤ ይበላል እንዴ?»

አንድ ሌሊት፣ በየካቲት፣ ውሃ ልጠጣ ስወርድ
የመኪና ቤቱ መብራት በበሩ ሥር ፈሶ አየሁ።
ገፋሁት።
ሶልቬግ ፒክአፑ ጋቢና ውስጥ ናት፤
በሌሊት ልብሷ ላይ የአባቴን ካፖርት ደርባ፣
የሱቅ ዳቦ ጉልበቷ ላይ፣ እስከ ግማሹ ተበልቶ፣
ጉንጯ ሙሉ።
አየችኝ። ማኘኳን አቆመች።

እኔ አልሳቅኩም፤ እሷም አላስተባበለች።
የጎኗን በር ከፈተች።
ጫፉን፣ ጠንካራውን፣ እናቴ ለእኔ የምታስቀምጠውን
ቆርሳ ሰጠችኝ። ማን ነገራት?
እስትንፋሳችን መስታወቱ ላይ ጉም እየሆነ
ዝም ብለን በላን።
ከዚያች ሌሊት ወዲህ እህል ውሃ አለን።

ሕጉ ግን አልተሻረም። በማግስቱም እንቁላል፣
በሳልስቱም እንቁላል።
ቅርጹ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ፤
ማን እንደሰቀለው አልጠየቅኩም።

ነሐሴ ላይ ኮምባይኑ ገባ፤ አቧራው ፀሐይዋን ጋረዳት።
ሰባታችንም ጭነት መኪናው ላይ፣ የስንዴው ክምር ላይ ተጋድመን
ጥሬውን አፋችን ሞልተን አላመጥን፣
አላመጥን፣ እንደ ማስቲካ እስኪለጠጥ።
ሶልቬግ ከታች አየችን፤
ኮፍያዋን ወደ ዓይኗ ሳበችና ዞረች።

ጁኒ ማስቲካዋን በሁለት ጣቷ ጎትታ
እስከ ክንዷ ጫፍ አስረዝማ አየችው።
«የዋሻው ሰው» አለች «ይህን ቢቀምስ ኖሮ
ያለቅስ ነበር።»